ያልተገኘው ስባሪ

ይህን ታሪክ ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። በራሴ ክንድ ላይ የደረሰ ነው።

ምልክቱ አሁንም አለ... ከግራ ክርኔ ዝቅ ብሎ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ።

እህቴ አትጻፊው ብላኛለች። እኔ ግን ዝም ካልኩ እንቅልፍ የለኝም።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው የምሠራበት ማሽን ስለሚመዘግብ ነው። በጮኸ ቁጥር ትንሿ መስኮቱ ላይ ሰዓቱ ይጻፋል።

የምሠራው የሕፃናት ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቦታዬ መጨረሻው ላይ ነው። ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ያለቀ ልብስ ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእኔ እጅ ያልፋል። ከፊቴ እንደ ቀበቶ ተዘርግቶ የሚንቀሳቀስ ሰፊ ጎማ አለ። ጎማው አንዲት አጭር ዋሻ የምትመስል ማሽን ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ልብሱን ጎማው ላይ አስቀምጣለሁ፣ በዋሻዋ ውስጥ ያልፋል። የተሰበረ መርፌ ውስጡ ቀርቶ ከሆነ ማሽኑ ይጮኻል፣ ጎማው ይቆማል፣ ቀይ መብራት ይበራል።

በዚህ ሥራ ላይ ቀለበት አይደረግም። ሰዓት፣ የፀጉር ሽቦ፣ የብረት ቁልፍ ያለው ሱሪ... ምንም።

በዚያ ማክሰኞ የአንድ ቢጫ ልብስ እጅጌ የዋሻዋ አፍ ላይ ተያዘ። ላቃናው ግራ እጄን ሰደድኩ።

ማሽኑ ጮኸ።

ልብሱን አወጣሁና ብቻውን አሳለፍኩት። ዝም።

ባዶ እጄን ሰደድኩ።

ጮኸ።

ከጎኔ ካርቶን የምታሽገው ሴት ቀና አለች። አፏ ስለማያርፍ ሁላችንም ሬዲዮ ነው የምንላት። ያን ጊዜ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ምን ይዘሻል?»

«ምንም።»

«እስቲ አሳይኝ።»

መዳፌን ገልብጣ አየችው። በጥፍሮቼ ሥር ሳይቀር አየች። የራሷን እጅ ወደ ዋሻዋ ሰደደች፤ ማሽኑ ምንም አላለም። ከዚያ የእጄን አንጓ ይዛ፣ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ቀስ ብላ፣ ወደ ውስጥ ገፋችው።

ጮኸ።

«ስትቀጠሪ ደም የቀዱሽ ከየትኛው ክንድ ነው?» አለችኝ።

«ከግራ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

እኔ ምንም አልጠየቅኳትም።

ሬዲዮ እንደምትለው፣ በዚያ የቅጥር ምርመራ ቀን ደም የሚቀዱ መስለው ሌላ ነገር ቀብረውብናል። የሩዝ ፍሬ የምታህል። ማን ሽንት ቤት ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ማን ከማን ጋር እንዳወራ ይቆጥሩበታል። ለዚህማ እኔን ቢጠይቁኝ ይበቃቸው ነበር ብላ ራሷ ሳቀች። የእሷ ክንድ ለምን እንደማይጮህ ስጠይቃት፣ እኔንማ ሳይቀብሩብኝም ይሰሙኛል አለች።

እኔም ሳቅኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ግን አውቶቡስ ውስጥ ቀኝ እጄ ግራ ክንዴን እየዳበሰ እንደነበር የታወቀኝ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ተማሪ ትኩር ብላ ስታየኝ ነው።

...

የምኖረው ከታላቅ እህቴና ከስምንት ወር ልጇ ጋር ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በአሥር ቀን አንዴ ነው የሚገባው። እህቴ ድሮ እኛው ፋብሪካ ስፌት ላይ ነበረች። ከወለደች በኋላ ቤት ቁጭ ብላ ለጎረቤት ትሰፋለች።

ሁለት ክፍል ነው ያለን። ውጪኛው የእሷና የስፌት ማሽኗ ነው። ውስጠኛው ጸጥ ስለሚል የማሙሽ አልጋ እዚያ ነው፣ ከእኔ አልጋ ጋር ተጣብቆ።

ማሙሽ ጤነኛ ልጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለው፤ መርጋት አይወድም። ይዘኸው እየተራመድክ ከሆነ ዝም ይላል። ከቆምክ ይቁነጠነጣል። ተኝቶ እንኳ ይገላበጣል። እህቴ ይህ ልጅ የአባቱን መንገድ ወርሷል እያለች ትቀልድ ነበር።

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ እኔም እንደ እሱ ሆንኩ።

ክንዴ አያምም። ግን ዝም ብዬ ስቀመጥ ከቆዳዬ ሥር የሆነ ነገር... እንዴት ልበላችሁ... የሚያስብ ይመስለኛል። ስራመድ ይተወኛል። ስለዚህ እራመዳለሁ። ወደ ጓዳ፣ ወደ በር፣ ወደ ጓዳ። አንዳንዴ እኔ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ እህቴ ልጇን አዝላ ከበር እስከ መስኮት፣ እንተላለፋለን።

«እኛ ቤት ወንበር ምን ያደርጋል?» አለችኝ አንድ ቀን።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው። ፋብሪካው ውስጥ እንደ ጫማ ብሩሽ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መፈተሻ አለ። ከልብሱ የትኛው ቦታ ላይ ብረት እንዳለ በጩኸትና በቀይ መብራት የሚለየው እሱ ነው። ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ወሰድኩት። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳያይ እመልሰዋለሁ።

ከመዳፌ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አስኬድኩት።

ከአንጓዬ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ጮኸ። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ።

በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ፈተሽኩ። ምልክቱ ላይ ዝም አለ። የጮኸው ከምልክቱ አራት ጣት ከፍ ብሎ ነው።

የእህቴን ሜትር አምጥቼ ለካሁ። በአንድ ሳምንት ሰባት ሴንቲሜትር።

ከዚያ ቦታ እስከ ብብቴ፣ ከብብቴ እስከ ደረቴ ለካሁ። ለሰባት አካፈልኩት።

ስድስት ሳምንት።

...

ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ለጥፎ ለራሴ አሳየኝ። አጥንት ነው፣ ሥጋ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። በደንብ ተኚ፣ ውኃ ጠጪ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሲሸኘኝ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ከክሊኒኩ ቀጥታ ሥራ ገባሁና እጄን ሰደድኩ።

ጮኸ።

አለቃችን ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ስፌት ሲያይ ከሜትሩ ዓይኑን ስለማይነቅል ሚሊሜትር ነው የምንለው። ማሽኑ ለምን በቀን አሥር ጊዜ እንደሚቆም ጠየቀኝ።  እስከ ወር መጨረሻ ካልተስተካከለ ከዚህ ቦታ እንደሚያነሳኝ ነገረኝ። የመርፌ መዝገቡንም አስረክቤ።

መዝገቡን ሌላ ሰው እንዲገልጠው አልፈልግም።

አሁን እስካሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ።

በእኛ ሥራ መርፌ ሲሰበር አይጣልም። ስባሪው ሁሉ ይለቀማል። ጫፉ፣ ወገቡ፣ ራሱ... እንደነበረ ተገጣጥሞ መዝገቡ ላይ በግልጽ ፕላስተር ይለጠፋል። አንዲት ስባሪ ከጎደለች ማንም ከወንበሩ አይነሳም። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ።

የዛሬ ዓመት፣ ሥራ ሊያልቅ ሲል፣ የእህቴ መርፌ ተሰበረ።

የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከስፌት ያነሱኛል ብላ ለማንም አልተናገረችም። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። መርፌው ሲሰበር ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ነካሽ እንዴ?» አልኳት በጆሮዋ።

«አይ... ደነገጥኩ ነው።»

ጫፉ ጠፋ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግን። ሚሊሜትር መሬቱን በማግኔት ጠረገ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ከማሽኑ ሥር አቧራውን በባዶ እጄ ዳበስኩ። አርባ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። ልትወድቅ ነው።

ከመሳቢያዬ አንድ የተጣመመ አሮጌ መርፌ ወስጄ ሽንት ቤት ገባሁ። ጫፉን ሰበርኩት። ከጠፋው ይወፍር ስለነበር የደረጃው ሲሚንቶ ላይ አንድ ጎኑን ፈገፈግኩት፣ እስኪቀጥን።

ወጣሁና፣ «አገኘሁት» አልኩ።

ሚሊሜትር እንኳ አላወቀም። ፈረመ። ወደ ቤታችን ሄድን።

በማግሥቱ የዚያን ቀን ልብስ በሙሉ፣ ሁሉም ቢጫ ነው፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ በማሽኑ አሳለፍኩት። አንዱም አልጮኸም። ተጭኖ ሄደ።

ግን ማሽን ነው። ሊስት ይችላል።

ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ቢጫ የለበሰ ሕፃን ባየሁ ቁጥር እግሬ ይቆማል። ያለቅስ እንደሆነ አያለሁ።

የሬዲዮን ወሬ የወደድኩት ለዚህ ነው። ክንዴ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው የቀበረብኝ ነገር ቢሆን ግልግል ነው፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው። ያ የጠፋው ስባሪ ከሆነም፣ ያን ቀን አቧራ ስዳብስ ገብቶብኝ ከሆነም... ያም ግልግል ነው። የማንም ልጅ ልብስ ውስጥ የለም ማለት ነው።

ብቻ ይውጣና ልየው።

...

መጀመሪያ ማግኔት ነው የሞከርኩት። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ክብ ማግኔት ክርኔ ሥር በሻሽ አሰርኩት። እህቴ ሳቀችብኝ። ክንድሽን ዳርሽው ወይ አለችኝ።

ሦስት ቀን አሰርኩት። ምንም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። የእህቴ የስፒል ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያው ላይ ነበር። ዓይኔ ሄደ።

ስፒሎቹ ተሰልፈዋል።

ሁሉም። ራሳቸው ወደ ውጪው በር፣ ጫፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ።

ወደ ማግኔቱ አይደለም። ማግኔቱ በስተቀኝ ነው። እነሱ የዞሩት ወደ ውስጠኛው ክፍል ነው።

ወደ አልጋዬ።

ቆርቆሮውን ነቅንቄ ከደንኩት። ለእህቴ አልነገርኳትም። ውስጥ ማሙሽ ሲገላበጥ ይሰማኛል።

ከዚያ ሳሙናና ስኳር ለውሼ ለጠፍኩ። ጥሬ ድንች ፍቄ ለጠፍኩ። ትኩስ የጨው ከረጢት ያዝኩበት። ሬዲዮ በየቀኑ አዲስ ነገር ታመጣለች። የአክስቷ ልጅ እሾህ ያወጣበት፣ የጎረቤቷ እናት ጥይት ያወጡበት። ሰኞ የነገረችኝን ማክሰኞ ትክደዋለች። እኔ ሁሉንም አደርጋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እለካለሁ።

ሰባት ሴንቲሜትር። አሁን ከክርኔ ሁለት ጣት ብቻ ነው የቀረው።

በመጨረሻ እህቴ ራሷ አንድ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ጋ ወሰደችኝ። ከጀርባ ባለች ክፍል ዋግምት ያደርጋሉ። ነጭ ጋውን ለብሰዋል፣ ኪሳቸው ላይ ማበጠሪያ።

ክንዴን መብራት ሥር ዘረጋሁላቸው፣ መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ፣ ልክ ለማሽኑ እንደምዘረጋው። በአጉሊ መነጽር ከጣቴ ጫፍ እስከ ትከሻዬ አዩት። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«የገባው መቼ ነው ልጄ?»

«ዓመት ይሆነዋል መሰለኝ።»

«በየት?»

«አላውቅም።»

መነጽሩን አስቀመጡ።

«መግቢያ የለውም» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሾህ ቢሆን ጠባሳ ይተዋል፣ መርፌም እንደዚያው። ይኼ ከውጭ አልገባም።»

እህቴ ማሙሽን እያወዛወዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሽማግሌው ቀና ብለው አይተዋት፣ ከዚያ ልጁን አዩት። ልጁ ላይ ዓይናቸው ቆየ። የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

ብርጭቆ አሙቀው ክርኔ ሥር ደፉ። ቆዳዬ ውስጡ አበጠ። ጥቁር ደም ወጣ፣ ሌላ ምንም አልወጣም። ከዚያ ሰምና ጥላሸት የተለወሰበት ቅባት ለጥፈው በጨርቅ አሰሩልኝ። ሦስት ቀን እንዳልፈታው አዘዙኝ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ፣ ፈታሁት።

ቅባቱ ከቆዳዬ ጋር አንድ ላይ ተነሳ። ሥሩ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች። ደም የላትም።

ቅባቱ ላይ... አንዲት የመርፌ ጫፍ።

አለቀስኩ። ከደስታ ነው። የማንም ልጅ ልብስ ውስጥ አይደለችም። እኔ ውስጥ ነበረች። እህቴን አቅፌ፣ ልጇን ስሜ፣ ስባሪዋን በክብሪት ቀፎ ይዤ ሥራ ሄድኩ።

ማሙሽ ስስመው አልተቁነጠነጠም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

...

ማሽኑ ውስጥ ግራ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩት።

ዝም።

«ምን አልኩሽ» አለች ሬዲዮ። ምን እንዳለችኝ እሷም የምታስታውስ አይመስለኝም።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ መዝገቡን አወጣሁ። ሐሰተኛዋን ጫፍ ነቅዬ እውነተኛዋን ልለጥፍ ነው። ዓመት ሙሉ የዋሸ ገጽ እውነት ሊሆን ነው።

ገጹን ገለጥኩ።

ፕላስተሩ እንዳለ ነው። አልተነሳም፣ አልተቀደደም፣ ጠርዙ ላይ ሚሊሜትር የፈረመው ፊርማ አልተዛነፈም። ከሥሩ የመርፌው ራስ አለ። ወገቡ አለ።

ጫፉ የለም።

የነበረበት ቦታ ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ብቻ።

የክብሪት ቀፎውን ከፈትኩ።  ስባሪዋን መስኮቱ ጋ ወስጄ በጣቴ አገላበጥኳት።

አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ነው።

ጠፍጣፋው ላይ ጭረት አለ። የሲሚንቶ ጭረት። እኔው በገዛ እጄ የፈገፈግኩት።

ከክንዴ የወጣችው የጠፋችው አይደለችም። እኔ የሠራኋት ናት።

ታዲያ የጠፋችው...

ራሴን ያዝኩ። ያን ምሽት ወደ ኋላ መለስኩት። መርፌው ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ። የእህቴ ሁለት እጅ። የስፒሎቹ ጫፍ ወደ ውስጠኛው ክፍል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው አልጋ የእኔ ብቻ አይደለም...

የእጅ መፈተሻውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ሚሊሜትር ከኋላዬ ሲጠራኝ ሰምቻለሁ።

ቤት ስደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። በሩ ክፍት ነው። ቤቱ ብርሃን ነው።

እህቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከወለደች ጀምሮ ልጇን ታቅፋ ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም።

«ዛሬ ጤና አገኘን» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከጠዋት ጀምሮ አልተላወሰም። አልተኛም፣ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ያያል።»

ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ።»

«ወይ።»

«ያ ቀን... መርፌው ሲሰበር... ሆድሽን የያዝሽው ለምንድን ነው?»

 የልጇን ፀጉር ስትዳብስ የነበረችው እጇ ቆመች።

«የወጋኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ግን እኮ ደም አልነበረም ሚጡዬ። ቤት ገብቼ አይቻለሁ። አንዲት ጠብታ አልነበረም።»

ማሙሽ ወደ እኔ ዞረ።

ግራ ክንዱን ዘረጋልኝ። ቀስ ብሎ። መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ትንንሽ ጣቶቹን አቃንቶ... እኔ ለማሽኑ እንደምዘረጋው።

አላወረደውም። ይጠብቃል።

ቦርሳዬን አልከፈትኩም። መፈተሻውን አልነካሁም፤ ማብሪያውንም አልጫንኩም።

በቦርሳው ጨርቅ ውስጥ ቀይ መብራት በራ።